ዕድሜያቸው የማይጨምር ሦስት ልጆች

ያላመነ ይለፈው፤ ለምኜ አላሳምንም። ግን ሆኗል... በእኔ በራሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው።

ሥራዬ የሕዝብ ቆጠራ መረጃ ማጣራት ነው። ወረዳችን ሰው እያለቀበት ነው። ወጣቱ ከተማ ይገባል፣ የቀረው ያረጃል፣ የሚወለድ የለም። የዕድሜውን ግራፍ ስሠራው ከላይ ይሰፋና ከታች ይቀጥናል።

እኔም የምኖረው ብቻዬን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር እኔን ያመኛል። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወረዳው ዳር ላይ አንድ መንደር አለ። ነዋሪው በሙሉ ያረጀ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ግን ከአንዲት አሮጊት ጋር ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል። አራት፣ ስድስትና ሰባት ዓመት።

ያለፈውን ቆጠራ ከፈትኩ። አሥር ዓመት ሆኖታል።

ያው ቤት። ያው ሦስት ልጆች...

አራት፣ ስድስትና ሰባት ዓመት።

"ቆጣሪው ሰንፎ የድሮውን ገልብጦ ነው" አለ አለቃዬ። "ሂጂ፣ ከሌሉ ሰርዢ። ዛሬ መዝጋት አለብን።"

እየተነጫነጭኩ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሾፌሩ ጋር ሄድኩ። መንደሩ ጭር ብሏል፤ አብዛኛው በር ተቆልፏል። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እንደምመጣ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

"እማማ፣ ልጆቹ የት አሉ?"

"ቀስ በይ ልጄ..." አሉኝ በሹክሹክታ። "ተኝተዋል።"

ገባሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መደበቂያ የለውም።

አልጋው ላይ ማንም የለም።

ግድግዳው ላይ ግን፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የትንንሽ እጆች የጭቃ ምልክት አለ። ነካሁት። ጭቃው ገና አልደረቀም።

ወደ አሮጊቷ ዞርኩ።

"የማን ልጆች ናቸው?"

"እኔ እንጃ። ሰዉ መንደሩን ሲለቅ ጊዜ መጡ። እዚህ ያደረ ሰው ይቆጠራል አይደል የምትሉት? እዚህ ነው የሚያድሩት።"

"እማማ... ማንም የለም።"

እጄን ያዙኝ። "አትሰርዣቸው። ሁሉም ጥሎኝ ሄደ። ብቻዬን አታስቀሪኝ።"

አንጀቴን በሉት። ግን ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ? "የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይደውሉልኝ" ብዬ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸው። መኪና ውስጥ ገብቼ ታብሌቴን ከፈትኩና ሦስቱንም ሰረዝኳቸው።

የቤቱ ነዋሪ ብዛት... አንድ።

መንገድ ላይ ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ደጋግሞ ያያል።

"ምን ጭነሻል?" አለኝ።

"ምንም።"

"መኪናው ከብዶኛል እኮ።"

ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም። ፈራሁ።

ቤቴ ስደርስ ገና አልጨለመም። በሬን እየከፈትኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

"ልጄ..." አሮጊቷ ናቸው፤ እያለቀሱ ነው። "ሄዱብኝ። ብጠራቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።"

"ወዴት ሄዱ?"

"መኪናሽን ተከትለው ነው የሄዱት። አንቺ ጋ ካሉ መልሺልኝ... በናትሽ።"

በሩን ገፋሁት።

ጠዋት አንጥፌው የወጣሁት አልጋ ብርድ ልብሱ ተዘበራርቋል። ከሥሩ ሦስት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ይላሉ...

መጮህ ነበረብኝ። ግን በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። ይሄን ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ ከእኔ ሌላ ሰው ተንፍሶበት አያውቅም።

"ልጄ፣ አሉ? እዚያ ናቸው?"

"የሉም እማማ" አልኳቸው። "እኔ ጋ አልመጡም።"

ስልኩን ዘጋሁት። ጫማዬን አወለቅኩ።

ዳር ላይ ያለው ጉብታ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።