ባለ አንድ ዓይኑ ኢዮብ

ፍሬሙ ግድግዳው ላይ አለ። መስታወቱም ደህና ነው። ሥዕሉ ግን የለም።

«ምን ዓይነት ሌባ ነው መስታወቱን መልሶ ገጥሞ የሚሄድ?» አለች ኢንስፔክተር ጂቱ። አምቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ገጥሟት አያውቅም።

ጡረተኛው መምህር ይገዙ የማይሽር እግራቸውን ዘርግተው፣ «ሌላ ማን ይሆናል? ቁልፍ ያላት እሷ ናት» አሉ። የቤት ሠራተኛቸውን ኤቢሴን ከሚጠባ ልጇ ጋር አሳስረዋታል። ጂቱ የልጁን ለቅሶ ጣቢያ ሰምታ ነው የመጣችው።

ሥዕሉ የፈረንጅ ነው፤ መዳብ ላይ ተቀርጾ በወረቀት ከታተመ ሁለት መቶ ዓመት ይሆነዋል። ኢዮብ ቆስሎ አመድ ላይ ተቀምጧል፤ ሰይጣን ከላይ ቆሟል።

«ሽጡልኝ» እያለ ሲመላለስ የከረመውን ነጋዴ፣ ታምራትን፣ ጉደር አገኘችው። «እኔ ብሰርቅ ፍሬሙን እተዋለሁ? እሱም እኮ ያኔ የተሠራ ነው!» ብሎ ሳቀባት። እውነቱን ነው።

ኤቢሴ ደግሞ፣ «ኢዮብን? ሲያሳዝነኝ ነው የኖርኩት። አቧራውን የምጠርግለት እኔ ነኝ» አለች።

የቀሩት የይገዙ ታላቅ እህት ወይዘሮ ማዕረግ ናቸው። ወንድማቸውን ሊያስታምሙ ከመጡ ከርመዋል።

«እትዬ፣ ሥዕሉ ላይ ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል! ሰይጣን ነዋ፣ ፊት ለፊት ተገትሮ!»

ጂቱ ደነቃት። ሁሉም «ኢዮብ» ነበር ያላት። ይገዙ የሰጧትን የሥዕሉን ፎቶ ስልኳ ላይ ከፈተች። ኢዮብ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሰይጣን ሁለቱንም አፍጥጧል። ወይ ጉድ!

«አባታችሁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ አሉ። ጻድቅ በስንት ዓይን ነበር የሚሥሉት?»

«በሁለት ነዋ! በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ...» ወይዘሮ ማዕረግ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አምጡት፣ እትዬ።»

ከፍራሻቸው ሥር አወጡት። «ወንድሜ ስንት ጠበል ተጠመቀ፣ ስንት መድኃኒት ዋጠ። ሰይጣንን ያከበረ ሥዕል ራስጌው ተሰቅሎ እንዴት ይዳን? እንዳላቃጥለው ኢዮብ አለበት።»

«ኤቢሴስ?»

«መርምረው ይለቋታል ብዬ...» አቀርቅረው አለቀሱ።

ይገዙ ወረቀቱን ሲያዩ ጮኹ። የሰይጣን አንዱ ዓይን ተፍቋል። የኢዮብ ጉንጭ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ፣ በእስክሪብቶ ሁለተኛ ዓይን ተሥሎለታል።

ጂቱ ጣቢያ ተመልሳ፣ «ኮቱ ኤቢሴ፣ ነይ፣ አለቀ» አለቻት።

ይገዙ እያነከሱ በር ላይ ጠበቋት። «ይቅር በይኝ ልጄ። ግቢ፣ ቤትሽ ነው።»

ኤቢሴ ልጇን በጀርባዋ አጥብቃ አዘለች። «ልብሴን ልውሰድ ብዬ ነው የመጣሁት ጋሼ። ቤቴ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይጠይቁኝ ነበር።»