የስመኘው ተልባ

ኢንስፔክተር ሰርካለም ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ከሬሳው ቀድሞ የተቀበላት ሽታው ነበር። ገበሬ ጎመኑ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ነው፤ አፍንጫ ሰንጥቆ ዓይን ያስለቅሳል። ሟቹ ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር በጎኑ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ በማር የተበጠበጠ ተልባ ግማሽ ጆግ ቀርቷል፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ አለ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከጠረጴዛው እግር ጀርባ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስመኘው ወልደ ዮሐንስን የማያውቅ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ በቴሌቪዥን በተላለፈ የምግብ ዝግጅት ውድድር አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ሌሎቹ በሥጋና በዓሣ ሲራቀቁ፣ እሱ ከባቄላ ዱቄትና ከሰናፍጭ የሚሠራውን የጾም ሥልጆ አቅርቦ ዳኞቹን አስደመመ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ በቡሬ መውጫ ምግብ ቤት ከፈተ። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ይበላል፣ አብሮት ፎቶ ይነሳል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ሰርካለምም ከአዴት ተዛውራ ከመጣች ወዲህ፣ ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ፣ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ብቻዋን ተቀምጣ ትበላ ነበር። አሁን ትዝ ሲላት፣ እሱም በወጥ ቤቱ መስኮት ብቻውን ቆሞ የሰውን አበላል ሲመለከት ነበር የምታየው።

«ራሱን ነው ያጠፋው፣ ኢንስፔክተር» አለ ኮንስታብሉ። «ይህን የመሰለ ሽታ ሳያውቅ የሚጠጣ ሰው የለም።»

ሐኪሙም መጥቶ አይቶ ይህንኑ አለ። የሞተው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ በፍልሰታ ጾም ሰው እህል ውኃ የሚቀምስበት ሰዓት።

ግቢው ውስጥ አንድ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሟቹ አባት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ከምግብ ቤቱ ማዶ ባለችው ማርያም ያገለግላሉ።

«ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አሏት። «እጁን በራሱ ላይ ካነሳ ፍትሐት የለውም። ለስንቱ ሙት ፍትሐት ስደርስ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ አፌን ልዝጋ ወይ?»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ይስጡኝ፣ መሪጌታ» አለች።

ሬሳውን ያገኘችው ረዳት አብሳይዋ ትሕትና ናት። ጸጥ ያለች፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት።

«በፍልሰታ ምግብ ቤቱን እንዘጋለን» አለች። «ተልባውን በጥብጬለት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለቅዳሴ ሄድሁ። ከቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ሌላ ማን ሊመጣ ይችላል?»

«ጋሽ ኢስሃቅ፣ የቡሬው ቅመም ነጋዴ፣ ኮረሪማ አመጣለሁ ብለው ነበር። ዘሚካኤልም እንደፈለገ ይገባል ይወጣል።»

ዘሚካኤል ከስመኘው ጋር ጅጋ በአንድ ጓሮ ያደገ፣ አብሮት ድግስ ሲሠራ የኖረ፣ አሁንም የወጥ ክፍሉን የያዘ ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ይመስላል።

«ሰባት ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር» አለ። «ኮረሪማውን ገምሶ ሲያሸት ነው ያገኘሁት። ‹ምን ዓይነት መዓዛ ነው!› አለኝ። ያ አፍንጫ እኮ አገር ያወቀው አፍንጫ ነው። ታዲያ እሱ የሚጠጣውን ሳያውቅ ይቀራል?»

«የከፋው ነገር ነበር?»

«ብቸኝነት ነዋ። ሰኞ ዕለት ክፍሉ ገብቼ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን። ቴሌቪዥኑ ዘንድሮ ለዳኝነት ጠርቶት ነበር፤ አልሄድም አለ። ሰው ሰልችቶት ነበር።»

ሰርካለም አመስግና አሰናበተችው። ከዚያ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለውን የሟቹን ክፍል ከፈተች፤ ወዲያውም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ልብሱ ተጣጥፏል፤ ጫማው ተጠርጎ ተደርድሯል። የበሰበሰ ነገር ሽታ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶታል። ቁም ሳጥኑን ኮንስታብሉ ሲስበው ሥሩ የሞተ አይጥ ተገኘ። ትሉን ላየ፣ ከሞተ ሳምንት ይሆነዋል።

«እንዲህ ንጹሕ ሰው ይህን አቅፎ ሳምንት ሙሉ እንዴት ተኛ?» አለ ኮንስታብሉ።

ሰርካለም ከክፍሉ ወጣች። ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ መደርደሪያውን አየች። የቅመም ብልቃጦቹ ሁሉ፣ ሕፃን የማይስተው በርበሬ ሳይቀር፣ በትልልቅ ፊደል ስማቸው ተጽፎባቸዋል። ከምድጃው አጠገብ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሥሩ ባለ ወረቀት ላይ ሽንኩርት ስንት ደቂቃ፣ ቁሌት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ተዘርዝሯል። ጨው የሚመዝንባት ትንሽ ሚዛንም አለች። አገር ያጨበጨበለት አብሳይ እንደ ጀማሪ ተማሪ ነበር የሚሠራው።

ትሕትናን እንደገና ጠራቻት።

«ስመኘው ማሽተት ያቆመው መቼ ነው?»

 ልጅቷን እንባዋ ቀደማት።

«በጥር አተኩሶት ተኛ። ሲነሳ ሽታውም ጣዕሙም ጠፍቶ ነበር። ‹ይመለሳል፤ እስከዚያ ምላሴ አንቺ ነሽ› አለኝ። እኔ እየቀመስሁ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያስተካክላል። በማርያም አስምሎኛል፤ ለማንም አልተናገርሁም። ‹ምግብ ሁሉ ጭቃ ጭቃ ይለኛል› ይል ነበር። ማታ ማታ የራሱን ሥልጆ ይዞ ይቀመጥና አንድ ቀን ይመለስ እንደሆን እያለ ይቀምሳል።»

«ዳኝነቱን ለምን እምቢ አለ?»

«ምን ቀምሶ ይፍረድ? ከመስቀል በኋላ እውነቱን ተናግሮ ወጥ ቤቱን ለእኔ ሊተው አስቦ ነበር። ወጥ ቤቱን ለእኔ እንደሚተው ለዘሚካኤል ሰኞ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

በማግሥቱ ገና ሳይረፍድ ሰርካለም ቡሬ ነበረች። ኢስሃቅ ጺማቸውን ሂና የቀቡ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ከሱቃቸው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ደረስሁ። አዲሱን ኮረሪማ ሰጠሁት፤ ባለፈው የገዛው ካለቀ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። ከጠረጴዛው አጠገብ ጥቂት ተቀምጬ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ወጣሁ።»

«ተልባው እዚያው ነበር? ሽታው እንዴት ነበር?»

«ማር ማር ይል ነበር። ኧረ ደግ ሽታ ነበረው፤ ጾም ባይሆን ‹ቅመስ› ባለኝ እስክል።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ድሮ ከእኔ ሲገዛ እያንዳንዱን ሳያሸት አይቀበልም ነበር። ከጥር ወዲህ ዝም ብሎ ይወስዳል። አመነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ይምጡና ይህንኑ እዚያ ይንገሩልኝ» አለች።

አራት ሰዓት ላይ በምግብ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዎች ተቀመጡ፤ መሪጌታ፣ ትሕትና፣ ኢስሃቅና ዘሚካኤል። ሁለት ኮንስታብሎች በሩ ላይ ቆሙ። ሰርካለም ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ሁላችንም አንድ ነገር አመንን። ይህን ሽታ ሳያውቅ የሚጠጣ የለም፤ ስለዚህ አውቆ ጠጣው አልን። ስመኘው ግን ከጥር ጀምሮ አያሸትም ነበር። የሞተ አይጥ በበሰበሰበት ክፍል ሳምንት ሙሉ ተኝቷል። ተልባው የመርዙን ቀለም ደበቀ፤ የሚያስጠነቅቀው አፍንጫ አልነበረውም። መሪጌታ፣ ልጅዎ ራሱን አላጠፋም። ተገድሏል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ገዳዩ ይህን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ነው። ለሌላ ሰው ይህን መርዝ በመጠጥ መስጠት ከንቱ ድካም ነው። ትሕትና ታውቅ ነበር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ግን ቅዳሴ ላይ ነበረች።»

«ከሴቶቹ በር አጠገብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው» አሉ መሪጌታ። «አይቻታለሁ።»

«ከመሄዷ በፊት ጨምራው እንደሆነስ?» አለ ዘሚካኤል።

«ጋሽ ኢስሃቅ ስምንት ሰዓት ላይ ጆጉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የሸተታቸው ማር ነው። እስከዚያ መርዝ አልነበረም ማለት ነው።»

«እንግዲያው እሳቸው…»

«ይህንንም አሰብሁበት» አለች ሰርካለም። «አንተ ግን ስመኘውን ኮረሪማ ሲያሸት አገኘሁት አልኸኝ። ቤቱ ኮረሪማ ካጣ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። አዲሱ የገባው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የመጣኸው በሰባት ሳይሆን ከሳቸው በኋላ ነው። እሳቸው ጨምረውት ሄደው ቢሆን፣ ጤነኛ አፍንጫ ያለህ አንተ ገና ከበሩ ይሸትህ ነበር፤ ጓደኛህንም ታድነው ነበር። የመጨረሻው ሰው አንተ ነህ።»

«ማሽተት አለመቻሉን ከየት አውቃለሁ?»

«ሰኞ ዕለት። በዚያ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን ያልኸኝ ራስህ ነህ። እኔ ደቂቃ መቆም አቃተኝ። ወዳጅ ቢሆን ‹ስመኘው፣ ቤትህ ውስጥ አንድ ነገር ሞቷል› ይለው ነበር። አንተ ዝም አልኸው። ዝም ብለህ አጠናኸው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ዘሚካኤል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አያቸው።

«በዚያ ግማት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ሰናፍጭ መዓዛ ያወራኛል» አለ በመጨረሻ። «ወጥ ቤቱን ለትሕትና እሰጣለሁ አለኝ። እኔ ላስተማርኋት ልጅ። እሱስ ይሁን። ሥልጆው የእናቴ ነበር፤ የእህተ ማርያም። ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ ‹እናቴ ያስተማረችኝ ነው› አለ። እናቴ ጎረቤት ቤት ሆና ታይ ነበር። ስሟን ሳይጠራላት አምና በኅዳር ሞተች። አገሩ ሁሉ በማያውቃት በእሱ እናት ስም አጨበጨበ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«የስመኘው እናት በአራስነቷ ነው የሞተችው» አሉ። «ጡት አጥብታ ያሳደገችው እህተ ማርያም ናት። የወለደችውን እናቱንማ መልኳን እንኳ አያውቅም። እናቴ ሲል ሌላ ማንን ሊጠራ ኖሯል፣ ልጄ?»

 ኮንስታብሎቹ ሲይዙት ዘሚካኤል አልታገለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ስመኘውን የሚያውቀው በምግቡና በፎቶው ነው። ካህናቱ ጥናቸውን ይዘው ሲሰለፉ መሪጌታ ከመካከላቸው ወጥተው ወደ ሰርካለም መጡ።

«ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ?»

 

«ብቻውን ነበር፣ መሪጌታ።»

«ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ ደጁን አልረገጥሁም። ወንድ ልጅ ሽርጥ ታጥቆ በአገር ፊት ታየ ብዬ አፈርሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከሱ ወጥ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ትናንትም እኔ እዚህ ቆሜ ሳስቀድስ፣ እሱ እዚያ…» እንባ አላስጨረሳቸውም።

 ከዚያ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ ካህናቱ ተመለሱ፤ ቅድሚያውንም ለሌላ ሳይሰጡ፣ በራሳቸው ድምፅ ፍትሐቱን ጀመሩ።