ከፈንታሌ የመጡ ስድስት ድንጋዮች

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ድንጋይ ጠራቢው አቶ ደቻሳ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዋ ልጃቸው ዘርትሁን፣ ጎረቤታቸው ባለሱቁ ኑሪ።

ዘርትሁን ከፈንታሌ ተራራ ስድስት ድንጋዮች አምጥታ ነበር። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ አመድና የቀለጠ ድንጋይ በየዘመኑ እየተደራረበ ያቆመው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈሰሰውም ከዚያ መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የትኛው እሳት ከየትኛው እንደቀደመ የሚመሰክሩት እነዚያ ድንጋዮች ነበሩ፤ ሰኞ ጠዋት ካላቀረበቻቸው የተራራው ጥናት ለውጭ አገር ባለሙያዎች እንደሚሰጥ አለቃዋ ጓድ ፀሐዬ ነግረዋታል።

በዚያው ዕለት ማለዳ ኑሪ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "አቶ ደቻሳ፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያመጣችው ይህን ጎርባጣ ነው? ከሸጎሌ ድንጋይ ካባ በአህያ እናስመጣላት ነበር እኮ!" ብሎ ስቆ ነበር። ሽማግሌው ልጃቸው ወደ ቢሮ እንደወጣች መሮና መዶሻቸውን አነሡ።

ስትመለስ ስድስቱም በአራት ማዕዘን ተጠርበው፣ ታጥበው ተደርድረዋል።

"አሳመርኩልሽ፤ የደቻሳ ልጅ ጎርባጣ ይዛ አለቃዋ ፊት አትቆምም" አሏት።

ዘርትሁን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "አባባ፣ የምፈልገው ቅርፊቱን ነበር፤ እሳቱ አየር ሲነካው የበረደው እዚያ ላይ ነው። የቀባሁት ቀስትም የትኛው ጎን ወደ ሰማይ እንደነበረ ያሳይ ነበር።"

"ምነው አፌን በቆረጠው" አለ ኑሪ።

ሽማግሌው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ነገ ባቡር አለ?"

"እስከ ተራራው ሥር፣ እስከ መተሐራ አለ።"

"እንግዲያው አንቺ ቀስትሽን ትቀቢያለሽ፤ እኔ ቅርፊቱን ሳልነካ እነቅልልሻለሁ።"

"ዳገቱ ይከብድዎታል።"

"ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ነው ስለ ዳገት የምትነግሪው?"

ኑሪ ለመንገዳቸው ዳቦና ቴምር ቋጠረላቸው።

በማግስቱ ፈንታሌ ላይ፣ በጥቁሩ የድንጋይ ፍሳሽ ላይ ልጅ ቦታውን እያሳየች አባት መሮ ያስገቡ ጀመር፤ አንድም ቅርፊት አልተላጠም።

"ይህ ሁሉ የፈሰሰ ነው?"

"እንደ ገንፎ። የእንጦጦም ድንጋይ እንዲሁ ነው፤ የእሱ ግን እጅግ ጥንት ነው።"

አቶ ደቻሳ ቀና ብለው ሳቁ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርብ የኖርኩት የበረደ እሳት ነዋ!"

ያን ዘመን ታሪክ የሚያስታውሰው በአዋጁና በጦርነቱ ነው፤ ተራራ ያነበበች ሴትና አለት የነቀሉላት አባት በሬዲዮ አልተነገረላቸውም። ሰኞ ጠዋት አዲሶቹ ድንጋዮች ቀረቡ። ጥናቱ በዘርትሁን ስም ወጣ። የተጠረቡት ስድስቱ የአቶ ደቻሳ በር ደረጃ ሆኑ።