ሳይበርድ አይከፈትም

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሰዓቱን የማውቀው የግድግዳው ሰዓት ከማሽኑ በላይ ስለተሰቀለ ነው። ማሽኑ ጢጥ ሲል ቀና ብዬ አየሁት።

እዚህ ቻናል ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፉ ሰዎችን ሳነብ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። እኔ የሆነውን እጽፋለሁ... ማመን አለማመኑን ለእናንተ ትቻለሁ።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። መብራት አልጠፋም። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ያልፋል፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያንቀጫቅጫል።

እኔና እቴቴ የጥራዝ ቤት ነበረን። እቴቴ ታላቅ እህቴ ነበረች።

የጨረታ ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዓመት ሪፖርት እንጠርዝ ነበር። በሽቦ አይደለም፣ በሙቀት ነው። ሽፋኑ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ፊቱ ወረቀቱን የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ኋላው ወፍራም ካርቶን፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጀርባ ውስጥ ደግሞ የደረቀ ሙጫ አለ። ወረቀቱን ከታችሁ፣ ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ ማሽኑ ላይ ታቆሙታላችሁ። ሙጫው ይቀልጥና ወረቀቱን ይይዛል። ከዚያ መደርደሪያው ላይ አቁማችሁ ታበርዱታላችሁ።

ዋናው ልኩን መምረጥ ነው።

"ሽፋን እንደ ጫማ ነው" ትል ነበር እቴቴ። ከጠበበ ወረቀቱ ሙጫው ጋ አይደርስም። ከሰፋ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ጥራዙ ጥርሱ እንደወላለቀ ሽማግሌ ይሆናል። እሷ የወረቀቱን ክምር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ "አራት ሚሊ" ትላለች። አራት ሚሊ ነው።

ሌላው ነገር ሕግ ነበር። ሳይበርድ አይከፈትም።

ደንበኛ ቸኩሎ ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ በማስመሪያ ቸብ ታደርገዋለች። ሽበታም ይሁን ባለ ከረባት፣ ግድ የላትም።

"ጌታዬ፣ ቢሮ አለቃው እርስዎ ነዎት። እዚህ አለቃው ሙጫው ነው።"

ሰውየው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ትኩሱን ጥራዝ ከማሽኑ ስታወጣ ጀርባውን በመዳፏ ታሸዋለች። ከታች ጫፉ ላይ ጫን ስለምትል ትንሽ ስርጉድ ያለ ምልክት ይቀራል። የሷን ሥራ ከኔ ሥራ የምንለየው በዚያ ነው። የኔ መዳፍ ሙቀት አይችልም፤ እኔ በማስመሪያ ነው የምጫነው።

እቴቴ በክረምቱ መጨረሻ ሞተች።

ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ነበር። ነርሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አስገባችኝ። የእቴቴን እጅ ያዝኩ።

"ገና ትኩስ ናት እኮ" አልኳት ነርሷን።

"ይበርዳል" አለችኝ።

ክፉ ሴት አይደለችም። የምታውቀውን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም። ቀበርን። ሱቁን ከፈትኩ። ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲለኝ "አሜን፣ ስንት ቅጂ ይሁን?" እለዋለሁ።

የእማዬ ዓይን በዚያው ሰሞን እየጠፋ ነበር። ሐኪሙ "እስከ ወሩ መጨረሻ ምናልባት..." አለና ቀሪውን ዋጠው። እማዬ ግን ገባት። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ጨመቅ አደረገችው።

"ያቺን ልጅ አንዴ ልያት።"

"ማንን እማዬ?"

"ማንን ትለኛለች ደግሞ! እህትሽን ነዋ። ፎቶዎቿን ሰብስበሽ እንደ መጽሐፍ አድርጊልኝ። ፊቷን አተልቂው። ሳይጨልምብኝ ልጥገባት።"

ሰበሰብኩ። እያንዳንዱን ፎቶ አተልቄ በአንድ አንድ ወረቀት ላይ አተምኩ። ክምሩን እንደ እቴቴ ቆነጠጥኩት... አራት ሚሊ። የሽፋኖቹ ማሸጊያ ላይ የታተመውን ሰንጠረዥም አየሁ። ለዚያ ያህል ወረቀት አራት ሚሊ ይላል።

አልገባም።

አውጥቼ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አድርጌ አስተካከልኩ። እንደገና ሞከርኩ። አልገባም። የተጣበቀ ወረቀት ይኖር ይሆን ብዬ አንድ በአንድ ገለጥኩ። ምንም የለም።

ስድስት ሚሊ አነሳሁ። ልክክ አለ።

ቀለም የበዛበት ወረቀት ያብጣል አልኩ ለራሴ። ማሽኑ ላይ አቆምኩት። ጢጥ አለ። በማስመሪያ ተጭኜ መደርደሪያው መሃል ላይ፣ በኦዲተሩ ሁለት ሪፖርቶች መካከል አቆምኩት።

ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ኦዲተሩ መጣ። ሪፖርቶቹ በርደው ነበር። ከፍሎ፣ በሁለት እጁ እያገላበጠ ሄደ።

የእማዬን ነካሁት። ትኩስ ነው።

አንድ ላይ ነው የወጡት። ጎን ለጎን ነው የቆሙት... እሱ ግን ትኩስ ነው።

ሱቅ ስዘጋም ትኩስ ነበር። የማሽኑን ሶኬት ነቅዬ ቤቴ ገባሁ። ደህና እንቅልፍም ተኛሁ። ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

ጠዋት ከፍቼ ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።

መሃል ላይ የለም።

ግራ ጫፍ ላይ ቆሟል። እቴቴ የራሷን ሥራ ሁልጊዜ የምታቆምበት ቦታ።

ነካሁት። ሙቀቱ የማሽን ሙቀት አይደለም። የማሽን ሙቀት ይናከሳል። ይሄ... የተኛ ሰው አንገት ሥር እጃችሁን ስትከቱ ያለው ዓይነት ነው።

አነሳሁትና ጀርባውን አየሁ። ከታች፣ ጫፉ ላይ፣ ስርጉድ ብሏል።

በማስመሪያ እንደዚያ አይሆንም። ትኩስ ሳለ በመዳፍ ካልተጫኑት አይሰረጉድም።

ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

"እስቲ ይሄን ንካልኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ዝም ብለህ ንካው።"

በመዳፉ ነካው። ከዚያ እጁን ገለበጠና፣ ያመመው ልጅ ግንባር እንደሚነካ፣ በእጁ ጀርባ ደገመው።

"እህት ዓለም፣ ይሄ ዕቃሽ ትኩሳት ይዞታል! ክኒን ስጪው።" ሳቀ። "አሁን አወጣሽው?"

"ትናንት።"

"ትናንት... ስንት ሰዓት?"

"ስምንት ከሩብ።"

ሳቁ ቆመ። ማሽኑን አየ። መሬት ላይ የተኛውን ሶኬት አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማን ነው ውስጡ ያለው?"

"እቴቴ ናት። ፎቶዋ።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እኔ ጨርቅ ነው የማውቀው" አለና ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰላምታ ከበሩ ወዲህ አልገባም።

መስኮት ላይ አቆምኩት። ቬንትሌተር አዞርኩበት። ነፋሱ ፊቱ ያለውን ፕላስቲክ ያርገበግበዋል... ጀርባው እንደሞቀ ነው።

መክፈት እችል ነበር። ግን ሙጫው ለስላሳ ከሆነ ወረቀቱ ይረግፋል። የእማዬ መጽሐፍ ነው። ደግሞም እጄን ወደ ሽፋኑ በዘረጋሁ ቁጥር የማስመሪያው ቸብታ ትዝ ይለኛል። እሰበስበዋለሁ።

ዓርብ ዕለት እማዬ ደወለች።

"አላለቀም?"

"አልቋል... አልበረደም እንጂ።"

"ምን ያለ ሙጫ ነው፣ ልጄ? በሩ እኮ ጭጋግ ሆኖብኛል። አንቺንም በድምፅሽ ነው የምለይሽ። እንዳለ አምጪው።"

ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አየት አድርጋኝ "እንቅልፍ ወሰደው?" አለችኝ። ሕፃን መስሏት ነው። "አዎ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። መብራቱን ሁሉ አብርታዋለች፣ መነጽሯን ጠርጋ አድርጋለች። ፎጣውን ፈትቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

እጇን አሳረፈችበት... አልገለጠችም።

መዳፏ በቀስታ ወደ ጀርባው ሄደ። ወደ ታች ወረደ። ስርጉዷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ክፈቺው እማዬ። ቢረግፍም እኔ እይዘዋለሁ።"

"ሳይበርድ አይከፈትም ስትሉ አልነበር?"

"ዓይንሽ እኮ..."

"ሽሽሽ" አለችኝ። በሹክሹክታ። ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። "ዓይኔ ይቅር።"

አነሳችና ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

ለመንኳት። በየቀኑ ሥራ ጥዬ እየሄድኩ ለመንኳት። "ፊቷን ልትጠግቢ አልነበር?" እላታለሁ። ሌሊት ከጎኗ አስተኝታው ነው የምታድረው። ልብስ አልብሳው። አንድ ቀን ተቆጥቼ ልነጥቃት እጄን ሰደድኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር በጣም ይሞቅ ነበር። የእማዬ እጅ ግን በረዶ ነው።

ተውኩት።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። መነጽሯን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልክ ደወለች።

"በረደ" አለች። ድምፅዋ ላይ ምንም የለም። "ነይና ክፈቺው።"

ሄድኩ። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ኩምትር ብላ ተቀምጣለች። ትንሽ ብትንቀሳቀስ ትወድቃለች። ጥራዙ ራስጌዋ፣ ኮመዲኖው ላይ ነው። ነካሁት። እንደማንኛውም ካርቶን ቀዝቃዛ ነው።

ገለጥኩ።

አንድም ወረቀት አልረገፈም። ሁሉም ቀጥ ብሎ ተይዟል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ጠርዤ አላውቅም።

"ንገሪኝ" አለች እማዬ።

ነገርኳት። ይሄ የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ ነው። ይሄ አንቺ ጥምዝዝ አድርገሽ የሰፋሽላት ቀሚስ ነው። "እሷ ናት የተጣመመችው እንጂ ቀሚሱስ ደህና ነበር" አለች እማዬ። ይሄ ሱቅ የከፈትን ቀን ነው። ይሄ ማስመሪያዋን ይዛ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፣ እየተቆጣች ነው።

እማዬ ፈገግ አለች።

የመጨረሻውን ፎቶ ገለጥኩ... ከዚያ አቆምኩ።

ከመጨረሻው ወረቀትና ከኋላው ካርቶን መካከል ክፍት ቦታ ነበር። ሙጫ ብቻ። ወረቀት ከሙጫ ላይ ሲነቀል መስመር ይተዋል፤ ወረቀቱ የቆመበት ቀጭን ቦይ ይቀራል። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ቦይ በቦይ ነበር። ብዙ። ተጠጋግተው የተሰለፉ።

ነገር ተይዞበት የነበረ ቦታ ነው። ተነቅሎ የወጣ።

እኔ ግን እዚያ ምንም አልከተትኩም።

የፎቶዎቹን ክምር በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩት። አራት ሚሊ። ስድስት ሚሊው ሽፋን ውስጥ እንደ ሰፊ ጫማ ይወዛወዛል።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ምንም። አለቀ።"

"እሺ" አለች። እጇን ወደኋላ ሰዳ አልጋው ላይ፣ ግድግዳው በኩል ያለውን ብርድ ልብስ እየዳበሰች አስተካከለች። ጠርዙን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

"ለምን መሃል አትቀመጪም እማዬ? ትወድቂያለሽ።"

"ይበቃኛል" አለች።

ሱቁን ለልብስ ሰፊው አከራየሁት። ማሽኑ ካልወጣ አልገባም አለኝ፤ ካርቶኑ ውስጥ ታሽጎ ቤቴ አለ። እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ጥራዙን ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንሶላዋን ልቀይር ሄድኩ። ከጠርዙ ጀምሬ እየገፈፍኩ ግድግዳው ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

"በዚያ በኩል ያለውን ተይው።"

"ለምን?"

"ገና አልበረደም።"

አዲሱን አንሶላ ለሁለት አጥፌ በእማዬ በኩል ብቻ አነጠፍኩ።