የተላቀቀው የደንገል ገጽ

የደንገል ወረቀት ሠሪው ኢፑኪ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ በሥራ ጠረጴዛው ሥር ተገኘ። ምሳ ይዛ ገብታ ያገኘችው ሚስቱ ሄኑት ናት። የነፍሰ ገዳይ ቅጣት በእሳት መቃጠል ነበር፤ መንደሩም ጣቱን የቀሰረው በእሷ ላይ ነው።

«ሳነሳው ክንዱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፣ ጌታዬ» አለችው መርማሪውን ፓሄሪን።

«ውሸቷን ነው!» አለ የሟቹ ወንድም ነብሰን፤ ወረቀቱን በጀልባ እያዞረ የሚሸጥ አፈኛ ሰው ነው። «የወረቀት መቀጥቀጫ መዶሻው ሲመታ ያልሰማ የለም። ድምፁ እንዳቆመ እሷ ገባች። ወይስ ሬሳ ነው የቀጠቀጠው?»

ደጅ የቆሙት ሴቶች ክታባቸውን ጨበጡ። የሞተው ሰው ሥራውን ሊጨርስ ተነሥቷል የሚለው ወሬ አስፈርቷቸው ነበር። ፓሄሪ ግን ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«መዶሻው ሲመታ የት ነበራችሁ?»

«ረግረጉ ውስጥ ደንገል ሳጭድ፤ ባልደረቦቼ ይመስክሩ» አለ የኢፑኪ ሠራተኛ ቀንሮ።

«ሄኑት ከእኛ ጋር ጠላ ስትጠምቅ ነበር» አሉ ሴቶቹ።

«እኔ ቤቴ ተኝቼ» አለ ነብሰን። «መዶሻው ሲቆም ወደብ ወረድኩ፤ ጀልበኞቹ አይተውኛል።»

«ለመሆኑ ወረቀቱን የሚያጣብቀው ምንድን ነው?» አለው ፓሄሪ።

«የወንዛችን ውሃ ነዋ! ለገዢዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው» አለ ነብሰን።

ቀንሮ ሳቁ አመለጠው። «ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እጅህን ብታስነካው!»

ፓሄሪ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበና እላዩ የቀረውን የተቀጠቀጠ ገጽ አነሣ። ለሁለት ተላቀቀ፤ መሐሉ የወንዝ ደለል ነበር።

«የሚያጣብቀው የደንገሉ የራሱ ጭማቂ ነው» አለ። «አንዱ ረድፍ ቁም፣ ሌላው በላዩ አግድም ይነጠፍና ጭማቂው ሳይደርቅ ይቀጠቀጣል። እዚህ ግን ታችኛው ከደረቀ በኋላ ነው ላይኛው የተደረበበት። ኢፑኪ ታችኛውን ጠዋት አነጠፈ፤ ያኔውኑ ተገደለ። ክንዱ ደርቆ የተገኘውም ከሞተ ስለቆየ ነው። ገዳዩ ቆይቶ ተመለሰ፤ ውሃ ረጭቶ ላይኛውን ደረበና ቀጠቀጠ፤ በሕይወት ያለ እንዲመስል፣ ጣጣው ምሳ በምታመጣው ላይ እንዲወድቅ። በዚያ ሰዓት ሰው ያላየው አንተን ብቻ ነው፣ ነብሰን። ውሃ ያጣብቃል ብሎ የሚያምንም አንተ ብቻ ነህ።»

«ቤቱን ለእሷ ሊያወርሳት ነበር!» ብሎ ጮኸ ነብሰን፤ የፓሄሪ ወታደሮች እየጎተቱ ወሰዱት።

ሴቶቹ ሄኑትን አቀፏት። እሷ ግን ዓይኗን ከመዶሻው አልነቀለችም።

«እሱ አልነበረማ የሚመታው?»

«አልነበረም፣ እህቴ።»

«ጠላዬን እያማሰልኩ ስሰማው፣ ‹ዛሬ ደግሞ በርትቶብኛል› ብዬ ደስ ብሎኝ ስቄ ነበር» አለች። «ለካ የሳቅኩት ለነብሰን ነው።»