የግራ እጅ ትምህርት

ብረት በያጁ የሆቴል ማሠልጠኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሻሽ፣ መምህርቷ መስኮት ሊጠግን የመጣ መሰላት።

«መስኮቱ ከላይ ነው» አለችው።

«ለመስኮት አይደለም የመጣሁት። መብላት እንዲያስተምሩኝ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ወንበር ብቻ አሳየችው። አባቷ ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋቸው ጎን ተቀምጣ በማንኪያ ስታበላቸው ኖራለች። አሁን ጠዋት ትነሳለች፣ የጠረጴዛ ሥርዓት ታስተምራለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። ሐዘን እንኳ አይባልም። ሲተኙበት እንደደነዘዘ ክንድ ያለ ነገር ነው፤ የራስ ነው፣ ግን አይሰማም።

በያጁ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ብረት ወድቆበት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

«ሰው ፊት መብላት ካቆምኩ ቆየሁ። እህቴ ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አባት ስለሌለን ከአማቾቿ ጋር ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። እንዳላሳፍራት ብዬ ነው።»

«ሐሙስና ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ና» አለችው። «አንቺ በለኝ ደግሞ። እኩያህ ነኝ።»

ከሳህኑ ሥር እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ አስተማረችው፤ እንዳይንሸራተት። የተቀቀለ እንቁላል ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቶ፣ በመዳፉ ጫን እያለ ጠረጴዛ ላይ ቢያንከባልለው ቅርፊቱ እንደሚለቅለት አሳየችው። ዳቦ ሙሉውን እንደማይገመጥ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ እየተቆረሰ እንደሚበላ ነገረችው።

ቲማቲሙ ግን ከቢላው ሥር እያመለጠ አስቸገረው። ሦስተኛው ወለሉ ላይ ሲፈርጥ፣ «ስንት የብረት በር ያቆምኩ ሰውዬ በቲማቲም ልሸነፍ?» አለ።

«ቢላው ነው። ለቲማቲም ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ነው የሚሻለው።»

አራተኛውን በዳቦ ቢላው ቆረጠው። ከዚያ ግማሹን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ጠበቃት። መብላት አለመብላቷን ልብ የሚል ሰው ካየች ቆይታለች። በላችለት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ አብረዋት የሚኖሩት ታላቅ እህቷ ወደ ማሠልጠኛው መጡ። በያጁ ጓዳ ሳህን እያጠበ ነበር።

«ሰው ያወራል» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። «አባባን ሦስት ዓመት አጎረስሽ። አሁን ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ሌላ ሰው ልታጎርሺ ነው?»

መምህርቷ አልመለሰችም። በያጁ በጓዳው የኋላ በር ወጥቶ መሄዱን ያወቀችው ውኃው ሲንዠቀዠቅ ሰምታ ልትዘጋው ስትገባ ነው።

ሐሙስ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ አሰናድታ ተቀመጠች። አልመጣም። አንድ ሰዓት ሙሉ በሩን በሩን ስታይ መቆየቷን ልብ ያለችው አንገቷን ሲያማት ነው።

በማግስቱ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። ሲያያት የብየዳ መነጽሩን አወለቀ።

«እህትሽ ልክ ናቸው። የማንም ሸክም መሆን አልፈልግም።»

«አንድ ቀን አጉርሼህ አውቃለሁ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አስኮረፈህ?»

«አንቺ ዝም ማለትሽ» አለ። «ለእኔ ምን ይሰማሻል? እውነቱን።»

ልትዋሸው አልፈለገችም። «እንጃ። ከአባባ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ትናንት ግን ሳትመጣ ስትቀር… የሆነ ነገር ጎደለኝ።»

መነጽሩን ሚስማር ላይ ሰቀለ። «ነገ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ። እንዳግዝህ ግን አትጠብቅ።»

በሠርጉ ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሁሉ ደህና ነበር። ኋላ ቁራሽ ሥጋ ከሹካው አምልጦ የሙሽራው እናት ፊት ዱብ አለ፤ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ በወጥ ተነከረ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መምህርቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

በያጁ ሥጋውን በናፕኪን አንስቶ፣ «ይቅርታ እማማ፣ የእርስዎን ሳህን መርጦ ነው» አለ።

እማማ ከት ብለው ሳቁ። ራሳቸው ሌላ ቁራሽ አወጡለት። እሱም በግራ እጁ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻው በላ።

ወደ ቤት በእግራቸው ሲመለሱ መንገድ መሃል ቆመች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር፤ እሷንም ገረማት።

«አባባ ሲቀበሩ እንኳ አላለቀስኩም» አለችው።

አይዞሽ አላላትም። የደነዘዘ ክንድ ደም ሲገባው እንደሚወጋ ከእሷ በላይ እሱ ያውቃል። አላፊ አግዳሚው እንዳያያት ከፊቷ ቆመና አልታጠፍ ያለውን እጁን ዘረጋላት። እስክትጨርስ ይዛው ቆየች።