ከፎቶው ጥግ የቆረጥኩት

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጅብ በሰው ድምፅ ተጣራ የሚል ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ነኝ፣ ደግሞም ገና አንደኛ ዓመት ብሆንም የእንስሳት ጤና ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ይህን ስነግርህ ብዙ አስቤበት ነው፣ ባታምነኝም አልፈርድብህም።

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። ለፋሲካ ወደየቤታችን ስንሄድ መምህራችን፣ ከሚታረደው በግ የታመመ ክፍል ካገኛችሁ ፎቶ አንሡ፣ በሽታው ምን እንደሆነና ክፍሉ እንዴት እንደተወገደ ጽፋችሁ በአንድ ገጽ አምጡ አለን፤ ጽሑፉ በፎቶው ዙሪያ ተስተካክሎ ይሂድ፣ ፎቶ ጽሑፍ ላይ የወጣበት ወረቀት ግን አልቀበልም አለ።

አምበር ከተማ አጎቴ ቤት የታረደው በግ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች ነበሩበት፣ ትልቁ የእርግብ እንቁላል ያህላል፣ በቢላ ጫፍ ስነካው ይርገበገባል። ቆርጬ ቄጠማው ላይ አስቀመጥኩና ፎቶ አነሣሁት፣ ጥጉ ላይ የአጎቴ ጫማ ገብቶ ነበር።

«ዶክተሬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለኝ አጎቴ።

«የትል ከረጢት ነው አያ ሞላ። መቀበር አለበት። ውሻ ከበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ውሻውን የሚነካካ ልጅ ይታመማል።»

«በፋሲካ ምድር ጉድጓድ ቆፍር ልትለኝ ነው? ለነብሮ ጣልለት፣ እሱም እንደ እኛው ሁለት ወር ጦሟል።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አጎቴን በበዓል ቀን ማስቀየም አልፈለግሁም፣ እና እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ጓሮ ወጥቼ ለውሻው የወረወርኩለት በገዛ እጄ ነው። ሳያላምጥ ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ የአጎቴ ልጅ ትርንጎ፣ የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ እጇ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ታስራለች፣ የነብሮን አንገት አቅፋ እሱም መዳፏን ሲልስላት አየሁ፣ ምንም አላልኩም።

ትምህርት ቤቴ ወዳለበት ማርቆስ ተመልሼ በሳምንቱ እሑድ ቀትር ላይ ዶርም ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የአጎቴን ጫማ ከፎቶው ጥግ ቆርጬ አወጣሁ፣ ፎቶውን ከላይ በቀኝ በኩል አስቀመጥኩ፣ ጽሑፉን በዙሪያው አስተካከልኩ፣ መጨረሻ ላይም «የታመመው ክፍል ተቆርጦ ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቡን ሳሳርፍ ፎቶው ወርዶ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ላይ መለስኩት፣ ወረደ። እንደገና መለስኩት፣ ወረደ።

የዶርም ጓደኛዬ ይበልጣል ከትከሻዬ በላይ አየና ሳቀብኝ። «አንተ ባላገር፣ ፎቶው እኮ ከአንቀጹ ጋር ታስሯል። ይቺን የመልሕቅ ምልክት አየሃት? ጎትተህ ርዕሱ ላይ እሰራት። ደግሞ ምሳ ሳልበላ ይኼን ቆሻሻ ታሳየኛለህ» ብሎ ወደ ካፌ ሄደ።

እንዳለኝ አሰርኳት፣ ፎቶውም ረጋ። ያኔ ድምፁን ሰማሁ። ውሻ የድስት ቂጥ ሲልስ ታውቃለህ፣ ልክ እንደዚያ፣ ረጠብ ያለ፣ የማይቸኩል። አልጋው ሥር አየሁ፣ በሩን ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁ፣ ማንም የለም። ስመለስ ፎቶው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነበር፣ የቆረጥኩት ጥግም ተመልሶ ፎቶው ሰፍቷል። ላፕቶፕ ላይ የሚቆረጥ የፎቶ ጥግ ተሸፍኖ ይቆያል እንጂ እንደማይጠፋ ስለማውቅ አልደነገጥኩም፣ የአጎቴን ጫማ ነበር የጠበቅሁት። ጫማ የለም። የነብሮ አፍ ነበር፣ ከረጢቱ በጥርሱ መሀል ተንጠልጥሎ፣ ልጋጉ ቄጠማው ላይ እየወረደ። እመነኝ፣ ፎቶውን ሳነሣ ውሻው ጓሮ ታስሮ ነበር።

ቆረጥኩት። ክፍሉን የፈርስ ሽታ ሞላው፣ አፍንጫዬን በፎጣ ያዝኩ። የሚልሰው ድምፅ ቀጠለ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ጥጉ እንደገና ተመልሷል፣ አሁን አፉ የለም፣ በውሻው አፍ ቦታ ሰማያዊ ዶቃ ያሰረች ትንሽ እጅ ናት ያለችው፣ መዳፏ ተዘርግቶ፣ በዝልግልግ ነገር ተለቅልቆ። ጽሑፌ በጣቶቿ ዙሪያ እየተጣመመ ይሄዳል። ዶቃውን አውቀዋለሁ። የትርንጎ ነው።

ይበልጣል ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፌ አገኘኝ። ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ አየና «ጉበት ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት?» አለኝ። ከዚያ ጣቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደና ሱሪው ላይ ጠረገው። «ምንድን ነው ያንጠባጠብክበት? ያዝለገልጋል።»

ዓረፍተ ነገሩን ደመሰስኩና «ለውሻ ተሰጥቷል፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶው ወደ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ወዲያው አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«አያ ሞላ፣ እባክዎ ትርንጎን ነብሮ እንዳይልሳት፣ እጇን በሳሙና ያሳጥቧት።»

«ነብሮ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የለም፣ ዶክተሬ። ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ጅብ በልቶት ይሆናል።»

ልቤ መለስ አለ። «እሰይ፣ እንግዲያውስ ደህና ነው» አልኩ።

«ትርንጎ ግን በየቀኑ ቀትር ላይ ነብሮ መጥቶ እጄን ላሰኝ ትላለች።»

«ልጅ ናት አያ፣ ናፍቋት ነው።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጇ ግን እርጥብ ነው።»

ቅዳሜ ወደ አምበር ሄጄ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው፣ ትናንት ወረቀቱን ሳስረክብ ለመምህሩም፣ በስልክ ለአጎቴም ቃል ገብቻለሁ። ትርንጎ ስታየኝ ሁልጊዜ ሮጣ መጥታ እጄን ነው የምትይዘው። ገና ማክሰኞ ነው፣ እኔ ግን ከአሁኑ መዳፌን ሱሪዬ ላይ እየጠረግሁ ነው።